አውራ ጣት ሲያም፦ መደገፊያ ከመግዛታችን በፊት



አውራ ጣት ትንሽ የአካል ክፍል ቢሆንም ሥራው ትንሽ አይደለም። በር የምንከፍተው፣ ጀበና የምናነሣው፣ ብዕር የምንይዘው፣ መርፌ የምንሰካው፣ ሕፃን የምናቅፈው በእርሱ ነው። ከሶላት በኋላ ተስቢሕ በጣታችን ስንቆጥር እንኳ ከአንጓ ወደ አንጓ የሚመላለሰው አውራ ጣት ነው። አራቱ ጣቶች በአንድ ወገን ተሰልፈው ሲሠሩ እርሱ ብቻውን ከፊታቸው ቆሞ ስለሚገጥማቸው፣ እርሱ ሲታመም ሥራ የሚፈታው መላው እጅ ይሆናል። ልብስ መጭመቅ ያቃታት እናት፣ መቀስ መያዝ የተሳነው ልብስ ሰፊ፣ ልጇን ከአልጋ ስታነሣ ከእጄ ያመልጠኛል ብላ የምትሰጋ አራስ ይህን በሚገባ ያውቁታል።

ሕመሙ ሲጠና ብዙዎቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው። ወደ ፋርማሲ ወይም የሕክምና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ጎራ እንልና «ለአውራ ጣት የሚሆን ማሰሪያ አላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። ሻጩም ያለውን ያወጣል። ሳምንት ያህል አስረን ለውጥ ስናጣ መሳቢያ ውስጥ እንወረውረውና «ይህ ነገር ገንዘብ ማባከኛ ነው» ብለን እንደመድማለን። አንዳንዴ እውነትም ገንዘብ ማባከኛ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የገዛነው ለሌላ ዓይነት ሕመም የተሠራ ስለሆነ ነው። ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን እንጠይቃለን፤ የአውራ ጣት መደገፊያ ስንገዛ ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚያመን ቦታ የትኛው እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ ይኖርብናል።

ሐኪሞች ይህን መደገፊያ ስፕሊንት ይሉታል፤ በሱቅ ደግሞ ብሬስ የሚሉት አሉ። ስሙ የቱም ቢሆን ተግባሩ ሁለት ነው፦ የታመመውን መገጣጠሚያ ወይም ጅማት ያሳርፋል፣ ያልታመመውን ደግሞ ነፃ ይተዋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። እጅን ሙሉ በሙሉ የሚጠፍር ነገር የተሻለ ይመስለናል። ነገር ግን ያለ ምክንያት የታሰረ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይላላል፤ በዚያ ላይ ሥራ ስለሚከለክል ባለቤቱ በሁለተኛው ቀን አውልቆ ይጥለዋል።

የሚያመው የቱ ጋ ነው?

አውራ ጣት ሦስት መገጣጠሚያዎች አሉት። አንደኛው ከጥፍሩ በታች ያለው ነው። ሁለተኛው ጣቱ ከመዳፍ የሚለይበት፣ መካከለኛው ነው። ሦስተኛው ከእጅ አንጓ አጠገብ፣ በወፍራሙ የመዳፍ ሥጋ ሥር ተደብቆ የሚገኘው የሥሩ መገጣጠሚያ ነው። ይህ የመጨረሻው አሠራሩ ያስገርማል። ሁለቱ አጥንቶች እንደ ሁለት ኮርቻ አንዱ በሌላው ላይ ተገልብጠው የተቀመጡ በመሆናቸው ጣቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንም፣ ዙሪያውንም ይንቀሳቀሳል። ዳሩ ግን ይህ ነፃነት ያለ ዋጋ አልተገኘም። ኩኒና ቻኦ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫፍ 1 ኪሎ ያህል ኃይል ተጠቅመን አንድን ነገር ቆንጥጠን ስንይዝ በሥሩ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ስንቆነጥጥ፣ ስንጠመዝዝና ስንጨምቅ የምንውል ሰዎች ይህን ስሌት ልብ ልንለው ይገባል።

ሕመሙ እዚሁ ከሥሩ ላይ ከሆነ፣ የጠርሙስ ክዳን ስንከፍት፣ ቁልፍ ስናዞር ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ስንጽፍ የሚብስ ከሆነ፣ አንዳንዴም በዚያ ቦታ ላይ እብጠት መሰል ጉብታ ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የመገጣጠሚያው ልባስ መሳሳት ነው። ዕድሜያቸው ከ40 እና ከ50 ዓመት ባለፈ ሰዎች፣ ይልቁንም የወር አበባቸው በተቋረጠ እናቶች ላይ ያመዝናል። ለዚህ የሚሆነው አጭር መደገፊያ ነው። የሥሩን መገጣጠሚያ፣ እንዳስፈላጊነቱም መካከለኛውን ደግፎ ይይዛል፤ የእጅ አንጓንና የጣቱን ጫፍ ግን ነፃ ይተዋል። እናት አስራው ሽንኩርት ልትከትፍ፣ አስተማሪ አስሮት ጠመኔ ሊይዝ ይችላል። ጠንካራው ዓይነት ሕመም በጠናበት ጊዜና ለሌሊት፣ ከወፍራም ጨርቅ የተሠራው ደግሞ ለሥራ ሰዓት ይመቻል።

ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው ጋር በቀላሉ ይምታታል። ገንዘብም በከንቱ የሚፈሰው በዋናነት እዚህ ላይ ይመስለናል። ሕመሙ የሚሰማው በጣቱ ሥር ሳይሆን ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ጎን ላይ ነው፤ አንዳንዴም ወደ ክንድ ይወጣል። ከጡንቻ ተነሥተው አውራ ጣትን የሚስቡ ሁለት ጅማቶች በዚህ ቦታ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያልፋሉ። የመተላለፊያዋ ሽፋን ሲወፍር ጅማቶቹ እንደ ልብ መንሸራተት ያቅታቸዋል። ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው ፍሪትዝ ደ ኬርቫን የተባለ የስዊስ ቀዶ ሐኪም ስለሆነ እስከ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል። በአራሶች ላይ እጅግ የተለመደ ነው። በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት በሰውነት ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ አንድ ምክንያት ሲሆን፣ ሕፃኑን በቀን ስንት ጊዜ አውራ ጣትን ዘርግቶ በብብቱ ሥር ይዞ ማንሣቱ ደግሞ ሌላው ነው።

ይህን ሕመም ለመለየት አውራ ጣትን በሌሎቹ ጣቶች ሸፍኖ መጨበጥ፣ ከዚያም እጅን በቀስታ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ማዘንበል ነው። በአንጓው ጎን ላይ ስለታም ሕመም ከተሰማ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በቀስታ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ሙከራ በጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን በኃይል ከተደረገ ያማል።

ለዚህ ሕመም አጭሩ መደገፊያ አይበቃም። ምክንያቱም ቀላል ነው። ጅማቶቹ መነሻቸው ክንድ ላይ በመሆኑ አንጓው በታጠፈ ቁጥር በጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ ይፈጋሉ። ስለዚህ መደገፊያው ረዘም ብሎ ወደ ክንድ የሚወጣ፣ አንጓውንም አውራ ጣቱንም አንድ ላይ የሚያሳርፍ መሆን አለበት። የጣቱ ጫፍ፣ ማለትም ከጥፍሩ በታች ያለው መገጣጠሚያ፣ በነፃነት ቢታጠፍ ግን ጉዳት የለውም፤ እነዚያ ሁለት ጅማቶች እስከዚያ አይደርሱምና። ሱቅ ውስጥ «ለአውራ ጣት» ተብሎ የቀረበልንን ዕቃ ርዝመት ማየት ያለብን በዚህ ምክንያት ነው። አራሷ የአንጓው ጎን እያመማት አጭሩን ብትገዛ፣ ሕፃኑን ባነሣች ቁጥር አንጓዋ መታጠፉን ይቀጥላል፤ መደገፊያው ታስሮ ሳለ ሕመሙ እንዳለ ይኖራል።

ሦስተኛው ዓይነት ጠዋት ስንነሣ አውራ ጣት ታጥፎ እምቢ የሚልበት፣ ስናቃናው ደግሞ «ቀጭ» ብሎ የሚለቅበት ነው። ሕመሙ በመዳፍ በኩል፣ በመካከለኛው መገጣጠሚያ እጥፋት ላይ ይሰማል። የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛል። ለዚህ ትልቅ ነገር አያስፈልግም፤ አንዱን መገጣጠሚያ ብቻ እንዳይታጠፍ የምታደርግ ትንሽ መደገፊያ፣ በተለይ ለሌሊት፣ ትበቃለች።

መደገፊያ የማይገዛበት ጊዜ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ወጣቶች ይህን ክፍል እንዳይዘሉት እንመክራለን፤ ኳስ ሜዳ ላይም ሆነ በሞተር ብስክሌት የሚወድቁት በብዛት እነርሱ ናቸውና።

ስንወድቅ እጃችንን ዘርግተን መሬቱን መመከታችን የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ አውራ ጣትን ወደ ላይ ስናነሣ በሥሩ በሁለት ጅማቶች መካከል የምትታየው ጎድጓዳ ቦታ ስትነካ የምታም ከሆነ፣ እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪነቷ ስብራቱ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ መቻሉ ነው። ሐኪሞች ጥርጣሬ ካላቸው እጁን አስረው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራጁን የሚደግሙት ለዚህ ነው። የአጥንቷ አንዱ ክፍል ደም የሚያገኘው ከሌላኛው ጫፍ በመሆኑ፣ ስብራቱ ቸል ከተባለ ሳይጋጠም ይቀራል፤ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ከሱቅ መደገፊያ ገዝቶ «ወለምታ ነው» ብሎ መቀመጥ የ20 ዓመት ወጣትን ለዕድሜ ልክ የአንጓ ሕመም ሊዳርገው ይችላል።

እንዲሁም በረኛ ኳስ ሲመልስ ወይም ሰው ሲወድቅ አውራ ጣቱ በኃይል ወደ ውጭ ከተገነጠለ፣ መካከለኛውን መገጣጠሚያ ከመዳፍ በኩል የሚይዘው ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ይህ ጉዳት በእንግሊዝኛ ቋንቋ «የአደን ዘበኛ አውራ ጣት» የሚል ስም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ካምፕቤል የተባለ ሐኪም የጥንቸል አንገት እየጠመዘዙ በሚገድሉ የስኮትላንድ የአደን ዘበኞች ላይ አይቶት ስለጻፈ ነው። ስሙ ቢያስቅም ጉዳቱ አያስቅም። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ሳምንታት ካለፉ ደግሞ ጥገናው ይከብዳል። ወረቀት እንኳ ቆንጥጦ መያዝ ያቃተው ሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ከዚህም ሌላ ጣቱ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ጉዳዩ የመደገፊያ ሳይሆን የአስቸኳይ ሕክምና ነው። በሌሊት አውራ፣ ጠቋሚና መሐል ጣቶች የሚደነዝዙብን ከሆነ ደግሞ የተጫነው በአንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚያስፈልገው አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ዓይነት መደገፊያ ነው።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን ብዙ ቤተሰብ ከሐኪም በፊት የሚያስታውሰው ወጌሻን ነው፤ ባለሙያዎቹም በየሰፈሩ የተከበሩ ናቸው። ነገር ግን በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ያበጠን ጅማት አጥብቆ ማሸትና መጎተት እብጠቱን ያባብሰዋል። ከዚህ የከፋው በቀርቀሃ ወይም በእንጨት ጠፍሮ ማሰር ነው። ከመጠን በላይ በመጥበቁ ደም ተቋርጦ እጃቸው ወይም እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ታክመዋል። የታሰረ ጣት ከሰማየ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከመታሰሩ በፊት ከነበረው ከባሰ፣ ያሰረው ማንም ይሁን ማን፣ ያን ጊዜውኑ መፈታት አለበት። ይህ ከፋርማሲ የተገዛውንም ይመለከታል።

ሱቅ ውስጥ

መደገፊያ በዓይን አይገዛም። ከተቻለ የታመመው ሰው ራሱ ሄዶ በእጁ ይሞክረው። አብዛኞቹ በአንጓ ዙሪያ ልክ ስለሚሸጡ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር የአንጓችንን ዙሪያ ለክተን በማሸጊያው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር እናስተያይ። የቀኝ ይሁን የግራ መሆኑንም እንይ፤ ለሁለቱም የሚሆኑ ቢኖሩም ጠንካራዎቹ ብዙ ጊዜ ለአንድ ወገን ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ካሰርነው በኋላ አውራ ጣቱ ብርጭቆ እንደያዘ እጅ ለቀቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከመዳፍ ጋር የሚያጣብቀው ወይም ወደ ኋላ የሚገትረው አይሆንም። ከዚያ ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ለማንሣትና ብዕር ለመያዝ እንሞክር። አጭሩ መደገፊያ ይህን የሚከለክል ከሆነ ወይ ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ ወይ ቅርጹ አይመጥንም። የትንሿ ጣታችን ጫፍ ከማሰሪያው ሥር መግባት መቻል ይኖርበታል። የአውራ ጣትን ጥፍር ተጭነን ስንለቀው ነጭ የሆነው ወዲያው፣ በ2 ሰከንድ ገደማ፣ ወደ ቀይነቱ ካልተመለሰ ጠብቋል ማለት ነው። ጠርዙ በአንጓው ጎን ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ እንዳያርፍ፣ የውስጡም ስፌት ቆዳን እንዳይፍቅ በጣት እንዳብሰው። የስኳር በሽታ ኖሮበት የእጁ ቆዳ ስሜት የቀነሰ ሰው ይህን በስሜቱ ሳይሆን በዓይኑ፣ ከተቻለም በሌላ ሰው ዓይን ያረጋግጥ።

ስለተሠራበት ነገር ጥቂት እንበል። ኒዮፕሪን የሚባለው ላስቲክ መሰል ጨርቅ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ለሥራም ይመቻል፤ ግን ያልባል፣ አንዳንድ ቆዳንም ያሳክካል። በአፋር፣ በድሬዳዋ ወይም በጂዳ ሙቀት ለሚውል ሰው ከሥሩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ወይም አየር የሚያስገባውን መምረጥ ይሻላል። በሌላ በኩል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል፣ በሙቅ ውሃ የሚለሰልስን ፕላስቲክ በራሳችን እጅ ላይ አስተኝቶ ቅርጽ የሚያስይዝ ባለሙያ ከተገኘ፣ እጁ ከሌላው ሰው ለየት ላለ ወይም ጉብታው ለጎላ ሰው ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው። መደገፊያ ውስጥ ማግኔት አለበት ወይም መዳብ ተሠርቶበታል ተብሎ ዋጋ ሲጨመርበት ግን አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት የማግኔትና የመዳብ አምባሮችን በመገጣጠሚያ ሕሙማን ላይ ሞክሮ የረባ ጥቅም አላገኘባቸውም።

ብዙ ቤተሰብ ደግሞ መደገፊያ የሚያገኘው ከሳዑዲ፣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ነው። «የጣት ማሰሪያ ላኩልኝ» ብሎ መልእክት መስደድ ብቻ አይበቃም። የቀኝ ወይም የግራ እጅ መሆኑን፣ የአንጓውን ዙሪያ በሴንቲሜትር፣ አጭሩ ይሁን ወይም ወደ ክንድ የሚወጣው፣ ሐኪም ያለውንም የሕመሙን ስም ጽፎ መላክ ያስፈልጋል። ያለዚያ ዘመዳችን ደክሞ ይገዛል፣ እኛም መልሰን የማንልከው ዕቃ ይደርሰናል።

ውዱእና መደገፊያ

ለሙስሊም ቤተሰብ መደገፊያ ሲመረጥ በፋርማሲው ማሸጊያ ላይ ያልተጻፈ አንድ መመዘኛ አለ። በቀን አምስት ጊዜ ይወልቃል ወይ? በአንድ እጅ ማውለቅና ማሰር ይቻላል ወይ? ሁለት ወይም ሦስት ቬልክሮ ያለው፣ በቀላሉ የሚከፈተው ዓይነት ለዚህ ይመቻል፤ እንደ ጓንት የሚጠለቀው ግን በተለይ ጣታቸው ላበጠ አረጋውያን ያስቸግራል።

ያለ ጉዳት የሚወልቅ መደገፊያ ለውዱእ ይወልቃል፣ እጁም እንደ ወትሮው ይታጠባል። ከዚያ በኋላ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በሚገባ ማድረቅ ይገባል። በእርጥብ ቆዳ ላይ መልሶ ማሰር፣ ወይም ከነመደገፊያው ማርጠብ፣ ቆዳውን ያላሽቀዋል። እግረ መንገዳችንንም ቆዳው መቅላት አለመቅላቱን ለማየትና አውራ ጣቱን በቀስታ አንድ ሁለት ጊዜ ለማንቀሳቀስ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሐኪም «አታውልቁት» ያለው የስብራት ማሰሪያ ወይም ጀሶ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት በጀቢራ ላይ ስለማበስ በሰፊው የጻፉበት ርዕስ ሲሆን ዝርዝሩ በመዝሀቦች መካከል ስለሚለያይ፣ በየመስጂዱ ያሉትን ዑለሞች መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሱጁድ ስንነሣ አውራ ጣት ላይ ተደግፈን ከመግፋት ይልቅ ክብደቱን በመላው መዳፍ ላይ ማሳረፍ ሕመሙን ይቀንሳል።

ለምን ያህል ጊዜ?

በአንጓው ጎን ለሚያመው ሕመም ረጅሙን መደገፊያ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያህል፣ አብዛኛውን የቀኑን ሰዓት ማሰር የተለመደ ነው። አራሶች ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ጡት መጥባት ሲቀንስ ሕመሙም እየቀነሰ ይሄዳል። በነዚህ ሳምንታት ለውጥ ከሌለ ታግሦ መቀመጥ አያስፈልግም። ሐኪም በቦታው የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለዚህ ሕመም ከመደገፊያ ብቻው ይልቅ ውጤት አለው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን መርፌው ለጥቂት ቀናት የስኳሩን መጠን ከፍ ሊያደርግበት ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ለሥሩ መገጣጠሚያ መሳሳት ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። በፈረንሳይ አገር በ112 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ሌሊት ሌሊት መደገፊያ ያሰሩት ሰዎች በአንደኛው ወር ካላሰሩት ብዙም አልተለዩም ነበር። በ12ኛው ወር ግን ሕመማቸው ቀንሶ እጃቸውም የተሻለ ይሠራ ነበር። የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክርም ቢያንስ ለ3 ወር ማሰርን ይደግፋል። በሳምንት ተስፋ ቆርጦ መሳቢያ ውስጥ መጣሉ ምን ያህል ችኮላ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፣ እጃቸውን እንዴት መጠቀምና ማንቀሳቀስ እንዳለባቸው በደንብ በተማሩ ሕሙማን ላይ መደገፊያ መጨመሩ በ8 ሳምንት ውስጥ ተጨማሪ ጥቅም እንዳላሳየ አስነብቧል። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የምንረዳው፣ መደገፊያ አስረን ያንኑ የቀድሞ አሠራር ከቀጠልን ከእርሱ ብዙ መጠበቅ እንደሌለብን ነው።

እንግዲያውስ አሠራሩ ይለወጥ። ሕፃን በብብቱ ሥር በተዘረጉ አውራ ጣቶች አይነሣ፤ አንዱ እጅ ከመቀመጫው ሥር፣ ሌላው ከአንገቱና ከትከሻው ሥር ገብቶ እንደ ማንኪያ ይነሣ። እርጥብ ልብስ በጣት ከመጠምዘዝ በቧንቧው ላይ አዙሮ በሁለት መዳፍ መሳብ ይቻላል፤ ብርድ ልብስና ጋቢ መጭመቅ ደግሞ ለምን የእናት ድርሻ ብቻ እንደሚሆን አይገባንም፤ በቤቱ ውስጥ ጤነኛ እጅ ያላቸው አባትና ወንዶች ልጆች አሉና። የቢላዋና የማማሰያ እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢወፍር መቆንጠጡ ይቀላል። ጀበና በሁለት እጅ ይነሣ። ሊጥ በጣት ሳይሆን በመዳፍና በጭብጥ ይለወስ። ወጣቶችም ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በጠቋሚ ጣት ቢጽፉ፣ ወይም ረጅሙን መልእክት በድምፅ ቢልኩት፣ አውራ ጣታቸው ያርፋል።

መደገፊያው ሲወልቅ የሚሠራ አንድ ቀላል እንቅስቃሴ እንጠቁም። የአውራ ጣትንና የጠቋሚ ጣትን ጫፎች አገናኝተን ክብ ቀለበት እንሥራ፤ መካከለኛው መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድ እየተጠነቀቅን ጥቂት ሰከንድ ይዘን እንልቀቅ። ሕመም እስካልቀሰቀሰ ድረስ በቀን ጥቂት ጊዜ መደጋገም ይቻላል። ሕመሙ እየቀነሰ ሲሄድ መደገፊያውን በአንድ ቀን ከመጣል በመጀመሪያ በዕረፍት ሰዓት፣ ቀጥሎ በቀላል ሥራ፣ በመጨረሻም በከባዱ ሥራ ጊዜ መተው ይሻላል።

ማጠቡም የራሱ ወግ አለው። ቬልክሮው ተዘግቶ በለብታ ውሃና በሳሙና በእጅ ይታጠባል፤ ተከፍቶ ከታጠበ ክር ይሰበስብና መያዙን ይተዋል። የሚወልቅ ብረት ካለው አስቀድሞ ይውጣ። የሚሰጣው በጥላ ሥር ነው። በሙቅ ውሃ ቅርጽ የያዘውን የፕላስቲክ ዓይነት ከምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው አይገባም፤ በሙቀት የያዘውን ቅርጽ በሙቀት ይለቀዋልና።